ሪፖርቱ በርቶ ይምጣ ወይስ ጠፍቶ? ለኦፕን ሶርስ ሰርቨር ሠሪዎች የንጽጽር መመሪያ

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ጣና ዳር ታንኳዎቹ ገብተው ዓሣው እየተመዘነ ነው። ሒሳብ ያዧ የሚዛኑን ቁጥር ወደ ኮምፒውተሩ ያስገባሉ። ቀረሶ ይህን ያህል ኪሎ፣ አምባዛ ይህን ያህል፣ ነጭ ዓሣ ይህን ያህል። እኔ ከጎናቸው ቆሜ እኛ የጻፍነውን የመዝገብ ሶፍትዌር አፕዴት እያደረግሁ ነበር። ለሙከራ ብዬ ሰርቨሩ ወደ እኛ፣ ወደ ሠሪዎቹ፣ በየቀኑ የሚልከው ሪፖርት ስክሪኑ ላይ እንዲታይ አደረግሁ። ስድስት መስመር ነው። የሶፍትዌሩ ቨርዥን፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ዓይነት፣ የሜሞሪ መጠን፣ የተጠቃሚ ብዛት፣ የስህተት ብዛት፣ በቀን የገባ መዝገብ ብዛት።

እትዬ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱና ቀስ ብለው አነበቡት። ከዚያ የመጨረሻውን መስመር በጣታቸው ነኩ።

«ይሄ 41 የሚለው ምንድን ነው?»

«ትናንት የገባው መዝገብ ነው እትዬ። ቁጥር ብቻ ነው፤ የሰው ስም የለበትም።»

«እኛ እኮ አንድ ታንኳ ሲገባ ነው አንድ መዝገብ የምንጽፈው። ትናንት ስንት ታንኳ እንደገባልን እየተናገረ ነዋ! ይሄን የሚያየው ማን ነው ልጄ?»

የሚያየው እኛ ነን። ግን እሳቸውን የጠየቀ ሰው የለም። ሶፍትዌሩ ሲጫን ሪፖርቱ በርቶ ነው የመጣው። ያበራሁትም እኔ ነኝ፤ ኮዱ ውስጥ አንዲት ቃል ጽፌ። በጾም ወቅት የዓሣ ገበያ ሲሞቅ የታንኳው ቁጥር ይጨምራል። ይህን ቁጥር በየቀኑ የሚያይ ሰው ገበያውን አየ ማለት ነው። እኔ ግን «ቁጥር ብቻ» እያልኩ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ሌሎች ኦፕን ሶርስ (ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ) ሰርቨሮች ይህን ነገር እንዴት እንዳደረጉት አንድ በአንድ አየሁ። እኛ የተሳሳትነውን ሌላ ሰው እንዳይደግመው ያገኘሁትን እዚህ አሰፍራለሁ።

መጀመሪያ ሁለቱን እንለይ

ሜትሪክስ ሪፖርት ሲባል ሁለት ነገር ይደባለቃል። አንደኛው ለሰርቨሩ ባለቤት የሚሆነው ነው። ሲፒዩው ስንት ደረሰ፣ ዲስኩ ሊሞላ ነው ወይ፣ ሌሊት ስንት ስህተት ተፈጠረ? ሁለተኛው ከባለቤቱ ወጥቶ ወደ ሶፍትዌሩ ሠሪ የሚሄደው ነው። ቴሌሜትሪ የሚሉት ይህንን ነው።

የመጀመሪያው ብዙ አያከራክርም። በዲፎልት (ማንም ሳይነካው ከመጀመሪያው) ይብራ፣ ግን ከማሽኑ አይውጣ። የሜትሪክስ ገጹ ለዚያው ማሽን ብቻ ክፍት ሆኖ ይምጣ። ከውጭ ማየት የሚፈልግ ባለቤት ራሱ ይክፈተው። ፕሮሚቲየስ የተባለውን የሰርቨር መከታተያ ለምሳሌ ብንወስድ ወደ ሠሪዎቹ የሚልከው ነገር የለም። ራሱ እየዞረ ከየሰርቨሩ ቁጥር ይሰበስባል፣ እዚያው ባለቤቱ ዘንድ ያስቀምጣል። ካልነካችሁት በየ1 ደቂቃው ይሰበስባል፣ የሰበሰበውን ለ15 ቀን ያቆያል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ብዙ ሰው ከፕሮሚቲየስ ማሳያ ፋይል ላይ የ15 ሰከንዱን ሴቲንግ ኮፒ ያደርጋል። ሰርቨሩና ሰብሳቢው አንድ ክፍል ውስጥ ከሆኑ ምንም አይደል። ሰርቨሩ ዘጌ፣ ሰብሳቢው ባሕር ዳር ሆኖ በሞባይል ዳታ የሚገናኙ ከሆነ ግን ሒሳቡን ሥሩ። የሜትሪክስ ገጹ 80 ኪሎባይት ቢሆን በየደቂቃው ሲነበብ በቀን 1440 ጊዜ ነው። ወደ 115 ሜጋባይት ይሄዳል። በየ15 ሰከንዱ ሲሆን ደግሞ 460 ሜጋባይት ይደርሳል። መረጃው ተጨምቆ ሲላክ በእርግጥ በጣም ይቀንሳል፤ ቢሆንም ፓኬጅ የሚሞላው ሰው ሳያውቀው የሚወጣ ገንዘብ ነው። ሩቅ ላለ ሰርቨር በየ5 ደቂቃው ከበቂ በላይ ነው።

ከዚህ በኋላ የማወራው ስለ ሁለተኛው ነው።

ዲፎልት ለምን ይህን ያህል ያከራክራል?

ኮንፊግ ፋይል (ሴቲንጎቹ የተጻፉበትን ፋይል) ከፍቶ የሚያነብ ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው። ሶፍትዌሩ ሠራ? ሠራ። ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም። እኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። የሚጭነውና የሚጠቀመው አንድ ሰው አይደለም። የሚጭነው ከፖሊ ግቢ የመጣ ተማሪ፣ የአክስት ልጅ፣ ወይም እንደ እኔ ያለ ወዳጅ ነው። አንድ ከሰዓት ይመጣል፣ ይጭናል፣ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል። ሰርቨሩ ላይ ለዓመታት የሚሠሩት ሒሳብ ያዧ ናቸው። ሲጫን የተጠየቀው ልጁ ነው፤ ስለ ሥራው የሚወራው ግን የእሳቸው ሥራ ነው። ምርጫዎቹን ስታወዳድሩ ይህን አትርሱ።

በርቶ መምጣት

ሠሪው የሚወደው ይህን ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የስታቲስቲክስ ቀመሩ እንደሚለው ከብዙ ሺህ ሰርቨሮች መካከል በዕጣ 384 ያህሉን ብትመርጡ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ስህተቱ ከ5 በመቶ አይበልጥም። ዋናው ቃል «በዕጣ» የሚለው ነው። ሁሉም ጋ በርቶ ሲመጣ የሚደርሳችሁ መረጃ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይወክላል። ማንም የማይጠቀምበትን ፊቸር ታውቃላችሁ። አሮጌ ቨርዥን ላይ የቀረው ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለኦፕን ሶርስ ሠሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዳውንሎድ ከተደረገ በኋላ ሶፍትዌሩ የት እንደገባ ማወቂያ ሌላ መንገድ የለውምና።

ሜትሪክስን በግራፍ የሚያሳየው ግራፋና በዚህ መንገድ ነው የሚሄደው። ሪፖርት የሚልከው ሴቲንግ በርቶ ይመጣል፤ በየ24 ሰዓቱ ቁጥሮችን ይልካል። የሚጠፋበት ቦታ በግልጽ ተጽፏል። ሌላው የሰርቨር መከታተያ ኔትዳታም በርቶ ነው የሚመጣው፤ ማጥፋት የፈለገ አንድ ባዶ ፋይል በተወሰነ ስም ይፈጥራል። ሁለቱም የሚደብቁት ነገር የለም። ችግሩ ሌላ ነው። «የሚጠፋበት መንገድ አለ» የሚለው ነገር የሚጠቅመው ሪፖርት መኖሩን ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ጣና ዳር ያሉት እትዬ ባዶ ፋይል እንዲፈጥሩ ማን ይነግራቸዋል?

ሌላው አደጋ ስሜት ነው። የኮድ ማስቀመጫው ጊትላብ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 አዲስ የአጠቃቀም ክትትል ሊጨምር መሆኑን ሲያስታውቅ ተጠቃሚዎች ተቆጡ። በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ተወው። ትልቅ ኩባንያ ስለሆነ ይቅርታ ጠይቆ ቀጠለ። ሦስት ሆነን የምንሠራው እኛ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥመን ግን ማን ይመልስልናል? አንድ ሰው «እነዚህ ልጆች ይሰልሉናል» ካለ ዓሣ አስጋሪው ሁሉ በአንድ ቀን ይሰማል።

ጠፍቶ መምጣት

ዴብያን የተባለው የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በዚህ ይታወቃል። ሲጫን የትኞቹን ፓኬጆች እንደምትጠቀሙ በየሳምንቱ ሪፖርት ልላክ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ዝም ብላችሁ ካለፋችሁት መልሱ «አይ» ነው። የተሰበሰበው ውጤት ደግሞ ለሁሉም ክፍት ነው። ብዙ የተጫኑት ፓኬጆች መጀመሪያው ሲዲ ላይ እንዲገቡ ለመወሰን ይረዳ ነበር። ሰው ሪፖርቱ ምን እንደሚሠራ ያያል ማለት ነው። የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌሩ ኮሃም እንዲሁ ነው። የአጠቃቀም ስታቲስቲክስ ማካፈል ጠፍቶ ይመጣል። የቤተ መጻሕፍቱን ስም፣ አገሩንና ቦታውን ማካፈልም ለየብቻው የሚመረጥ ነው። ይህን መለያየቱን ወድጄዋለሁ። ቁጥር ልስጥህ ያለ ሁሉ ስሜንም ውሰድ አላለምና።

ጉዳቱ ግን እውነተኛ ነው፤ አቅልለን አንየው። የሚያበራው ሰው ጥቂት ነው፤ ያ ጥቂቱም እንደ ሌላው አይደለም። ሴቲንግ መጎርጎር የሚወድ፣ ሁልጊዜ አዲስ ቨርዥን የሚጭን፣ ጥሩ ማሽን ያለው ሰው ነው። የእሱን ብቻ አይታችሁ «ሁሉም 8 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው» ብትሉ፣ 2 ጊጋባይት ላይ ያለው የእትዬ ሰርቨር በሚቀጥለው ቨርዥን ይንቀራፈፋል። ዝም ያለው ሰው ተጎዳ ማለት ነው። በርቶ ይምጣ ለሚሉ ሰዎች ትልቁ መከራከሪያ ይኸው ነው። እኔም ዲፎልቱን ያበራሁት በዚሁ ምክንያት ነበር። ደካማ ማሽን ያላቸውን ላለመርሳት።

ሳይመረጥ አያልፍም

ሦስተኛው መንገድ ዲፎልት አለመስጠት ነው። ማትሪክስ የተባለው የመልእክት መለዋወጫ ሰርቨር የሆነው ሲናፕስ እንዲህ ያደርጋል። የኮንፊግ ፋይሉን ስታመነጩ ስታቲስቲክስ ይላክ ወይስ አይላክ የሚለውን ራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ። ካልጻፋችሁ አይቀጥልም። በዶከር (ሶፍትዌርን ጠቅልሎ በሚያስኬድ መሣሪያ) ስትጭኑትም ኮንፊጉ እንዲመነጭ መልሱ ይጠየቃል። የሚላከው ውስጥ የሰርቨሩ ስም ራሱ አለ። ይህን ያህል ነገር የሚጠይቅ ሶፍትዌር መልሱን ከባለቤቱ አፍ መስማቱ ተገቢ ነው።

እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ግን ሁለት ነገር ተስተካክሎ።

አንደኛው የሚጠየቅበት ቦታ ነው። ሲናፕስን የሚጭነው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያስተዳድረዋል፤ ስለዚህ ተርሚናል ላይ ቢጠየቅ ያስኬዳል። እኛ ጋ ግን ተርሚናሉ ላይ ያለው መጥቶ የሚሄደው ልጅ ነው። ጥያቄው መምጣት ያለበት የሰርቨሩ ኃላፊ ለመጀመሪያ ጊዜ በስማቸው ሲገቡ፣ በራሳቸው ስክሪን፣ በአማርኛ ነው። እስከዚያ ምንም አይላክም። ሰው በሌለበት በስክሪፕት ሲጫንም እንዲሁ፤ መልስ እስኪመጣ ድረስ ዝም።

ሁለተኛው ቃሉ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ማንም ሲያነሳው አልሰማሁምና። ብዙ የአማርኛ ሶፍትዌር ቁልፉ ላይ «እሺ» ብሎ ይጽፋል። እኛ «እሺ» የምንለው ግን ስለተስማማን ብቻ አይደለም። ለአክብሮት እንላለን። ሰውየው እንዳይቀየመን እንላለን። ነገሩ ቶሎ እንዲያልፍም እንላለን። የታክሲ ረዳት «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል «እሺ» ነው። እንግዳ ሆነን «ብሉ እንጂ» ስንባልም «እሺ»። ስክሪን ላይ «እሺ» የሚል ቁልፍ ያየ ሰው እጁ ወደዚያ መሄዱ አስተዳደጉ ነው። ያንን እንደ ፈቃድ ቆጥሮ መረጃ መውሰድ ጨዋነቱን መጠቀሚያ ማድረግ ነው። «አዎ» እና «አይ»ም ቢሆኑ ጥያቄውን ላላነበበ ሰው ምንም አይናገሩም። ስለዚህ ቁልፎቹ ላይ ድርጊቱ ራሱ ይጻፍ። «ይላክ» እና «አይላክ»። መጠናቸው እኩል፣ ቀለማቸው አንድ፣ ኢንተር ቢጫን አንዱም የማይመረጥ።

እኛ አሁን የምናወጣው ጽሑፍ ይህ ነው።

«ይህ ሶፍትዌር በሳምንት አንድ ጊዜ ለሠሪዎቹ አጭር ሪፖርት መላክ ይችላል። የሚላከው ከታች የሚያዩት ብቻ ነው። ባይላክም ሶፍትዌሩ ሳይጎድል ይሠራል። ምርጫዎን በማንኛውም ጊዜ ከማስተካከያ ገጹ መቀየር ይችላሉ።»

ከሥሩ የዚያ ሰርቨር እውነተኛ ሪፖርት ይታያል። ምሳሌ አይደለም፤ ያው የሚላከው ራሱ ነው። ይህን ፋይል በኮምፒውተሮች መካከል ከሚያመሳስለው ከሲንክቲንግ ነው የተማርነው። እሱም ከመጠየቁ ጋር ሪፖርቱን አስቀድሞ ያሳያል። እትዬ የ41ን ነገር የያዙት ሪፖርቱን በዓይናቸው ስላዩት ነው። «ስም አልባ የአጠቃቀም መረጃ» ብለን ብቻ ብንጽፍላቸው ኖሮ እሺ ብለው ያልፉት ነበር።

ተሰብስቦ እዚያው መቆየት

አራተኛው መንገድ ከጎ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የመጣ ነው። ታሪኩ ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ያኔ የጎ ቡድን መሪ የነበረው ረስ ኮክስ ለጎ መሣሪያዎች ቴሌሜትሪ እንዲጨመር ሐሳብ አቀረበ። መጀመሪያ በርቶ እንዲመጣ ነበር። የብዙ ሰው ተቃውሞ ከደረሰው በኋላ ሐሳቡን ቀየረና ባለቤቱ ሲፈቅድ ብቻ እንዲላክ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 በወጣው 1.23 ቨርዥን ውስጥ ሦስት ደረጃ አለው። በዲፎልት ቁጥሩ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይሰበሰባል እንጂ አይላክም። ከፈለጋችሁ እንዲላክ ታደርጋላችሁ፤ ከፈለጋችሁ ጭራሽ እንዳይሰበሰብ። የሚላከው ሪፖርት ላይ የተጠቃሚ መለያ የለም።

ለእኛ ዓይነት ቦታ ይህ በጣም ይስማማል። ችግር ሲፈጠር ባለቤቱ ይደውላል። «የማስተካከያ ገጹን ክፈቱ፣ ያለፈውን ሳምንት ቁጥር አንብቡልኝ» እላለሁ። ያነቡልኛል። ወይም ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይልኩልኛል። መረጃው ሳይጠፋ ይቆያል፣ የሚወጣው ግን በባለቤቱ እጅ ነው። ጉዳቱ ዲስክ ላይ ቦታ መያዙ ነው፤ እሱም ትንሽ ነው። ከ30 ቀን በላይ የቆየው በራሱ ይጥፋ።

አምስተኛ መንገድም አለ፤ በአጭሩ ልለፈው። ማስቶዶን የተባለው የማኅበራዊ ትስስር ሰርቨር የአጠቃቀም ሪፖርት ወደ ሠሪው አይልክም፤ የተጠቃሚና የጽሑፍ ብዛቱን ለሁሉም በሚታይ ገጽ ያወጣል። ማየት የፈለገ መጥቶ ያያል። ሰርቨሩ ራሱ ለሕዝብ የተከፈተ ከሆነ ጥሩ ነው። ለዓሣ ማኅበር፣ ለክሊኒክ ወይም ለትምህርት ቤት አይሆንም።

ስም የለውም ማለት አይታወቅም ማለት አይደለም

ትልቅ አገር ላይ «አንድ ሰርቨር፣ ኡቡንቱ፣ 2 ጊጋባይት ሜሞሪ» ቢባል ማንንም አታውቁም። ጣና ዳር ላይ ግን ሶፍትዌራችን ያለባቸው ቦታዎች በእጅ ጣት ይቆጠራሉ። ዘጌ ላይ አንድ ነው። ሪፖርቱ ከየት አካባቢ እንደመጣ ካወቅሁ ባለቤቱን፣ የልጆቹን ስም ሳይቀር አውቀዋለሁ። ቁጥሩ ትንሽ በሆነበት ቦታ ስም መደበቅ ብቻውን ምንም አይሠራም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደረግን። በትክክለኛ ቁጥር ፈንታ ደረጃ እንልካለን። ሜሞሪው ከ2 ጊጋባይት በታች፣ ከ2 እስከ 4፣ ወይም ከ4 በላይ፤ ስህተቱም እንዲሁ። ለየሰርቨሩ የሚሰጠውን ቋሚ መለያ ቁጥር አጠፋነው። የመዝገቡንና የተጠቃሚውን ብዛት ጭራሽ አወጣናቸው፤ ያለ እነሱም ባግ እናስተካክላለን። ስድስት የነበረው መስመር አራት ቀረ።

ከዚያ በኋላ አንድ ወዳጄ «የሚቀበለውስ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ሪፖርቱ ላይ አይፒ አድራሻ ባይጻፍም፣ ሪፖርቱን የሚቀበለው ኤንጂኔክስ የተባለው የድር ሰርቨር የመጣበትን አይፒ በሎግ ፋይሉ ይመዘግባል። በአውሮፓ ሕግ አይፒ አድራሻ የግል መረጃ ሊሆን ይችላል። በእኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ለሪፖርት መቀበያው ያንን ሎግ አጠፋነው። አዲስ ቨርዥን ወጣ ወይ ብሎ የሚፈትሸውም ሴቲንግ እንዲሁ አይፒውን ያሳያል። «ሪፖርት ጠፍቷል» እያለ በየቀኑ ቨርዥኑንና አይፒውን ይዞ ወደ ሠሪው ቤት የሚመላለስ ሶፍትዌር አለ። ግራፋና ሁለቱን ለየብቻ ማጥፋት እንዲቻል አድርጎ ለይቷቸዋል፤ እናንተም ለዩ።

ኔት ሲጠፋ

እዚህ ኔት ይቆራረጣል። ሪፖርት የሚልክ ኮድ የጻፈ ሰው ይህን ካላሰበ ባለቤቱ ሪፖርቱን በመጥፎ ያስታውሰዋል። የእኛ የመጀመሪያ ቨርዥን ሲነሳ መጀመሪያ ሪፖርቱን ለመላክ ይሞክር ነበር። ሊኑክስ ላይ አንድ የዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይር) ጥያቄ በዲፎልት 5 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ሁለት ጊዜ ይሞክራል። ሁለት ዲኤንኤስ ሰርቨር ከተሞላ 20 ሰከንድ ሆነ። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር፣ ዓሣ ሚዛን ላይ ተቀምጦ፣ ሰው ቆሞ ስክሪኑን ለ20 ሰከንድ ያያል። ለእኛ ሪፖርት ተብሎ!

አሁን የሚላከው ከበስተኋላ ነው። በ3 ሰከንድ ካልሄደ ይተዋል። ያልሄደውን አያጠራቅምም፤ የዚያ ሳምንት ሪፖርት ቀረ፣ ቀረ ነው። የሚላክበት ሰዓትም ለየሰርቨሩ በዕጣ ይወጣል፤ ያለዚያ ሁሉም እኩለ ሌሊት ላይ ተነስተው መቀበያውን ይጥሉታል። አንድ ሪፖርት ከነሽፋኑ ጥቂት ኪሎባይት ስለሆነ ከፓኬጅ የሚቆርሰው የሚሰማ አይደለም።

እንግዲህ የትኛውን?

ሶፍትዌራችሁ ያለበት ቦታ ከመቶ በታች ከሆነ ቴሌሜትሪ አትጻፉ። ደውሉ። በስልክ አሥር ደቂቃ ያወራችሁት ሰው ሪፖርት የማይነግራችሁን ይነግራችኋል። ቁልፉ ለጣት ያንሳል፣ ፊደሉ በፀሐይ አይታይም፣ ልጁ ፓስወርዱን ይዞ አዲስ አበባ ሄደ። ቁጥሩን እዚያው መሰብሰብ ብቻውን ይበቃል።

የሕክምና፣ የትምህርት ቤት ወይም የሕፃናት መረጃ የሚይዝ ሰርቨር ከሆነ የሚላከውን ኮድ ጭራሽ አታስገቡ። ጠፍቶ የመጣ ነገር በስህተት ሊበራ ይችላል፤ የሌለ ነገር ግን አይበራም።

በሺዎች የሚቆጠር ተጠቃሚ ካላችሁና ምን ማሻሻል እንዳለባችሁ በእርግጥ ማወቅ ካስፈለጋችሁ፣ ሳይመረጥ የማያልፈውን መንገድ ያዙ፤ እንደ ጎ ቋንቋ እዚያው ከመሰብሰቡ ጋር አጣምሩት። መልሱ «አይላክ» ቢሆን ቁጥሩ እዚያው ይሰብሰብ። እኩል ቁልፍ ስትሰጡ፣ የሚላከውን ስታሳዩ፣ የሚፈቅደው ሰው ሴቲንግ ጎርጓሪው ብቻ አይሆንም። የወካይነቱ ችግር ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ይቀንሳል። ከኩባንያ ጋር ስለምትሠሩ በርቶ ይምጣ ከተባላችሁ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ነገር ተከራክራችሁ አስገቡ። መጀመሪያው ሪፖርት ባለቤቱ ከገባና ማስታወቂያውን ካየ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አይሂድ። ማጥፊያውም ፋይል ውስጥ ሳይሆን ስክሪን ላይ ይሁን።

አፕዴት ላይ ደግሞ አንድ ስህተት በብዛት ይሠራል። ምርጫውን «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ አድርጎ የሚያስቀምጥ ኮድ፣ «አይ» ያለውን ሰውና ገና ያልተጠየቀውን ሰው መለየት አይችልም። ስለዚህ በሚቀጥለው ቨርዥን «አይ» ያለውን እንደገና ይጠይቀዋል፤ ወይም ዲፎልቱ ሲቀየር አብሮ ይቀይረዋል። ሦስት ሁኔታ ይኑረው። ይላክ፣ አይላክ፣ አልተጠየቀም። አንዴ የመለሰ ሰው ዳግም አይጠየቅ፤ የሚላከው መስመር ካልተጨመረ በስተቀር። መስመር ከተጨመረ ደግሞ የድሮው ፈቃድ ለአዲሱ አይሠራም።

እኛ በመጀመሪያው ቨርዥን አብርተንባቸው የነበሩትን ሰርቨሮች ሁሉ «አልተጠየቀም» ላይ መለስናቸው። የሰበሰብነውን አጠፋን። ለየባለቤቱ ደውለን ምን ስንወስድ እንደነበር ነገርናቸው። አብዛኞቹ «ምን ችግር አለው» አሉ። ሁለቱ ዝም አሉ፤ የዝምታው ርዝመት አሁንም ትዝ ይለኛል።

እትዬ አዲሱን ገጽ ሲያዩ አራቱን መስመር አንብበው «ታንኳው ወጥቷል» አሉ። ከዚያ «አይላክ»ን ተጫኑ። በየወሩ መጀመሪያ ጠዋት፣ ሚዛኑ ካለቀ በኋላ እደውልላቸዋለሁ። ቨርዥኑንና የስህተቱን ቁጥር ያነቡልኛል፤ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ።